ሱፐር ወይስ ሬጉላር

ሰው በስተርጅና ስለ ምን ይናዘዛል ቢሉኝ፣ ስለ ቤንዚን ነው ብዬ አልመልስም ነበር። ነገር ግን የነፍስ አባቴ የቤንዚን ነገር አይገባቸውም፤ ልጆቼ ደግሞ ገና አፌን ስከፍት ስልካቸውን ያያሉ። ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ። አንባቢ የሰለቸው እንደሆነ ገጹን ገልጦ ይሄዳል፤ እኔም አላየውም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ከተማው ነቀምት። እኔ ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። መዝገብ ቤት ማለት ገቢ ደብዳቤ፣ ወጪ ደብዳቤ፣ ሙጫና አይጥ ነው። በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት የመሠረተ ትምህርት ተቆጣጣሪ ተብዬ ገጠር እንድወጣ ተመደብኩ። ችሎታዬ ታይቶ አይምሰላችሁ፤ በቢሮው ኦሮምኛ አንብቦ የሚያርም ሰው ስለጠፋ ነው። አባቴ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ቢሆንም፣ እኔ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ተወልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር በኦሮምኛ ተጣልቼ በኦሮምኛ የታረቅሁ ነኝ።

ከሹመቱ ጋር አንድ ሞተር ብስክሌት ተሰጠኝ። ቀይ ነው። ከበግ ትንሽ ከፍ፣ ከጥጃ ትንሽ ዝቅ ይላል። በእርዳታ ከውጭ የመጣ ስለሆነ በቢሮው ከእኔ በፊት የጋለበው አልነበረም። ጓድ ደምሴ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ግን ሞተሩ ገና ሣጥን ውስጥ እያለ ጀምሮ መቀመጫውን ይዳብሰው ነበር። ለእኔ በመሰጠቱ አልተቀየመም። ብቻ በየጠዋቱ፣ «እህቴ፣ አይከብድሽም?» ይለኛል።

ሞተሩ ከአንድ ቀጭን መጽሐፍ ጋር ነው የመጣው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረስኩ ስለሆንኩ ተቀምጬ አነበብኩት። ቤንዚንን በሚመለከተው ገጽ ላይ፣ «የኦክቴኑ ቁጥር ከዚህ በታች ያልሆነ» ይላል። ቁጥሩ ሁለት አኃዝ ነው። ሁለተኛው አምስት መሆኑ በደንብ ይታያል። የመጀመሪያው ላይ የዘይት ጠብታ ወድቆበታል፤ ስምንት ይሁን ዘጠኝ፣ ለፀሐይም ብይዘው ለመብራትም ባቀርበው አልታይ አለኝ።

ቤንዚን የሚቀዳልን ጋሽ ናስር ነበር። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ ጠዋት ማደያውን ሲሠራ ከሰዓት ሱቁን የሚከፍት ደግ ሰው ነው።

«ጋሽ ናስር፣ የዚህ ቤንዚን ኦክቴኑ ስንት ነው?» አልኩት።

«ኦክቴን የሚባል ዕቃ አላመጡልንም፤» አለኝ። «ያለው ሱፐርና ሬጉላር ነው። ኦክቴን ከመጣ አስቀምጥልሻለሁ።»

ከዚያ በኩፖኔ ሬጉላር ቀዳልኝ፤ ሲዘጋም፣ «ብቻ ከውኃ ጠብቂው። የቤንዚን ጠላቱ ውኃ ነው፤» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ነቀምት ላይ ከውኃ ጠብቂ መባል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። የነቀምት ዝናብ እንደ ሌላው አገር ዝናብ መጥቶ አይሄድም፤ ተከራይቶ ነው የሚቀመጠው። እኔም ቤቴ ገብቼ አንድ የፕላስቲክ ቁራጭ በታንኩ ክዳን ልክ ቆረጥኩ። ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ ማለቴ ነው፣ ቀለበት ቆርጬ ፕላስቲኩን ክዳኑ ላይ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ሳየው ግን የታመመ ሰው ጣት መሰለኝ። ስለዚህ ኪሮሼን አንስቼ በላዩ ዳንቴል ሠራሁለት። ነጭ፣ ዙሪያውን ቢጫ አበባ ያለው። አትሳቁ። ያን ጊዜ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር በቤታችን አልነበረም፤ ሬዲዮኑ ለብሷል፣ ጠረጴዛው ለብሷል፣ የመጠጥ ውኃው እንስራ እንኳ ለብሷል። መንግሥት የሰጠኝን ሞተር ራቁቱን ላቆመው ነበር?

በማግሥቱ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ በአርጆ መንገድ ወጣሁ። ሰው በር ላይ ወጥቶ አየኝ። ከከተማው እልፍ ብዬ ብዙም ሳልርቅ፣ አንዲት ዋርካ ሥር ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ።

ረገጥኩት። እንደገና ረገጥኩት። ወደ ማደያው ገፍቼ ተመለስኩ። ጋሽ ናስር ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ፣ የሙሽራ ዓይነ ርግብ እንደሚያነሣ ሰው በጥንቃቄ አነሣ፣ ክዳኑን ከፈተና አሸተተ።

«የእኔ ጥፋት ነው፤» አለ። «ይኼ ስስ ማሽን ነው። ስስ ማሽን ሬጉላር አይወስድም። እስኪ ሱፐር ጠብ ላድርግለት።»

ጠብ አደረገለት። አንዴ ስረግጠው ተነሣ! ጋሽ ናስር እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አላልኩሽም?» አለኝ። ዳንቴሉን መልሼ አስተካክዬ አሰርኩና ቤቴ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ሱፐር ሞልቼ ወጣሁ። እዚያው ቦታ ላይ፣ ያችው ዋርካ ሥር፣ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። ያን ቀን እየገፋሁ ቢሮ የደረስኩት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ።

የቢሯችን ኃላፊ ጓድ ታረቀኝ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ ክፉ ያልሆነ፣ ነገር ግን ያለ ስብሰባ መስኮት የማይከፍት ሰው ነው። የሞተሩ ጉዳይ በረቡዕ የውይይት ክበብ እንዲታይ አዘዘ። ዐሥራ ሰባት ሰው ተቀምጦ ስለ አንድ ትንሽ ሞተር ተወያየ። ከዐሥራ ሰባቱ ዐሥራ አምስቱ ሞተር ላይ ወጥተው አያውቁም። ይህ ማንንም አላገደም።

«ሱፐር የሚቀዳው ማን ነው?» አለ ጓድ ደምሴ ብድግ ብሎ። «ድሮ ባለ ትልልቅ አውቶሞቢሎቹ አልነበሩም? ሰፊው ሕዝብ የሚጠቀመው ሬጉላር ነው። የመሠረተ ትምህርት ሞተር ሱፐር መልመዱ አያስገርምም ወይ?»

«ጓድ ተቆጣጣሪ፣ ሱፐር ያስቀዳሽው በምን መነሻ ነው?» አለኝ ጓድ ታረቀኝ።

«ስላስነጠሰ ነው፤» አልኩ።

ቃለ ጉባዔ ያዡ ጻፈው። ቆሜ ግለ ሂስ አደረግሁ፤ ሱፐር የቀዳሁት ከግንዛቤ ማነስ መሆኑን ተናገርኩ። ከዚያ ሁላችንም ወደ ግቢ ወረድን። ጓድ ደምሴ ክዳኑን ከፍቶ ሱፐሩን ገለበጠ፣ ሬጉላር ሞላ፤ ረገጠው። ተነሣ። ግማሹ ሰው አጨበጨበ። እኔ ዳንቴሉን ከጭቃ ላይ አንሥቼ አጠብኩት።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ በማግሥቱ ያችው ዋርካ ሥር ቆመ።

ያን ዕለት አልገፋሁም። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ማልቀስ አልወድም፤ ቁጭ ነው ያልኩት። ከዋርካው ማዶ ያለው ቤት የኦቦ ገመዳ ነው። በጉብዝናቸው ቡና በበቅሎ ጭነው አዲስ አበባ ድረስ የተመላለሱ ነጋዴ ነበሩ። ከዘራቸውን እየጎተቱ መጡ።

«አካም ኦልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ፤ እንዴት ዋልሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ስለ ራሴ ጤና ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ዝናቡ። መጨረሻ ላይ በከዘራቸው ወደ ሞተሩ እያመለከቱ፣ «እሱስ ምን ሆነ?» አሉ።

ነገርኳቸው፤ የሱፐሩንም፣ የሬጉላሩንም፣ የስብሰባውንም።

ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሣር የለመደች በቅሎ ገብስ ብትሰጫት ትታመማለች። ገብስ የለመደችን ሣር ብትሰጫት ትቆጣለች። እናንተ ደግሞ ማክሰኞ ገብስ፣ ሐሙስ ሣር። የትኛዋ በቅሎ ትችለዋለች? ግማሽ ግማሽ ነው የሚሰጣት። እስክትለምድ።»

ዳንቴሉን አንሥተው ክዳኑን እንድከፍት አዘዙኝ። ቤንዚኑን አዩት፤ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት፤ «ቀና በል» አሉት። ዘጋሁ፤ ረገጥኩት፤ ተነሣ።

እንግዲህ ከእኔ ቦታ ሆናችሁ ፍረዱ። ጋሽ ናስር ሱፐር ጨመረ፤ ተነሣ። ጓድ ደምሴ ሬጉላር ሞላ፤ ተነሣ። ኦቦ ገመዳ ምንም ሳይጨምሩ መረቁት፤ ተነሣ። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ከዚህ ምን ይደመድማል? እኔ ኦቦ ገመዳ ልክ ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

ሰኞ ጓድ ታረቀኝ አስጠራኝ። ጓድ ደምሴ ከጎኑ ቆሟል።

«ቅዳሜ የማጠቃለያ ፈተና ነው፤» አለኝ። «በአርጆ መንገድ ያለውን ጣቢያ አንቺ ነሽ የምትፈትኚው። የፈተናው ወረቀት አራት ሰዓት ላይ እዚያ ካልደረሰ፣ ሰኞ ጠዋት የሞተሩን ቁልፍ ለጓድ ደምሴ አስረክበሽ ወደ ቀድሞ ሥራሽ ትመለሻለሽ።»

ወደ ቀድሞ ሥራሽ። ሙጫውና አይጡ ትዝ አሉኝ። ከመዝገብ ቤቱ መስኮት የሚታየው የሌላ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ነው። ሞተሩ ሲያስቸግረኝ በእግሬ ገጠር ወጥቼ አንዲት ሴት ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች የራሷን ስም ስታነብ ካየሁ ወዲህ፣ ያ ግድግዳ እየቀረበ የሚመጣ ይመስለኝ ጀምሯል። መመለስ አልፈለግሁም። ይኸው ነው።

ቅዳሜ በጠዋት ተነሣሁ። የፈተናውን ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አሰርኩ። ታንኩን ግማሽ ሱፐር፣ ግማሽ ሬጉላር አስሞላሁ። ለመንገድ ደግሞ ከሁለቱም በሁለት የአረቄ ጠርሙስ ያዝኩ። ጠርሙሶቹን ያየች ጎረቤቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ አሳጠረችብኝ።

ዝናቡ ቀጥሏል። ዋርካው ሥር ቆመ። ዳንቴሉን ፈታሁ፣ ክዳኑን ከፈትኩ፣ ከሱፐሩ ጉንጭ የምታህል ጨመርኩ፤ ተነሣ። ዳንቴሉን አሰርኩ። ከወንዙ ማዶ ቆመ። ፈታሁ፣ ከፈትኩ፣ ሱፐሩን አበዛሁ መሰለኝ ብዬ ሬጉላር ጨመርኩ፤ ተነሣ። አሰርኩ። ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመ። እንደ ሕፃን አጠባሁት፤ አንዴ ከግራ ጠርሙስ፣ አንዴ ከቀኝ። ሁልጊዜ ይጠጣል፣ ሁልጊዜ ይነሣል፣ ሁልጊዜ ይሞታል። በአራተኛው ጊዜ ሁለቱም ጠርሙስ ባዶ ነበር። መንደሩ ከዳገቱ ላይ ይታያል። ሰዓቴን አየሁ፤ ለአራት ሩብ ጉዳይ። ያን ዳገት ሞተሩን እየገፋሁ ወጣሁት። በመንገድ ላይ ምን እንዳሰብኩ አልጽፍም፤ አንዳንዱ ለሞተር የሚነገር አልነበረም።

ጣቢያው ስደርስ ሃያ ሦስት ሴቶች ከአዳራሹ ደጃፍ ጣሪያ ሥር ተደርድረው ቆመዋል። አራት ሰዓት ሊሞላ ሦስት ደቂቃ ነበር። የፊተኛዋ አዴ ጫልቱ ናት፤ ስድስት ልጅ ያላት፣ ከክፍሉ ሁሉ ፊደል ዘግይታ የያዘች፣ ይዛ ግን ያልለቀቀች ሴት።

«በርሲስቱ፣ ገፍተሽ መጣሽ?» አለችኝ። በርሲስቱ መምህርት ማለት ነው።

«ገፍቼ።»

«ታዲያ ከሚገፋ ነገር የሚነዳ አህያ አይሻልም ነበር?» ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር፤ አልቻልኩም።

ተፈተኑ። ጫልቱ እየላባት ጻፈች፤ አንዷን ፊደል ሦስት ጊዜ ሠርዛ በአራተኛው አገኘቻት። ቁጭ ብዬ ሳይ ድካሜ ለቀቀኝ ማለት አልችልም፤ ግን ረሳሁት። ሲያበቃ ወረቀቱን ሰብስቤ ወጣሁና ሞተሩ አጠገብ ቆምኩ። በዚያ ሁሉ መንገድ እንዴት እንደምመለስ አላውቅም ነበር። የፈተናው ወረቀት ደግሞ በዚያው ቀን ቢሮ መግባት አለበት።

ጫልቱ ተከትላኝ መጣች። መጀመሪያ ያየችው ዳንቴሉን ነው። «ምን ያምራል! አንቺ ነሽ የሠራሽው?» ብላ ገለጠችው። ከሥሩ ያለውን ፕላስቲክ አየች፤ የጎማውን ቀለበት ፈታች፤ ክዳኑን በጣቷ ዳሰሰችው። ከክዳኑ መሐል መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ አለች። ያችን ቀዳዳ ያን ሰሞን ሁሉ ስከፍትና ስዘጋ አይቻታለሁ። አይቻት ግን ምን ትሠሪያለሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

«ይህቺስ?» አለች።

«እንጃ።»

«እንዴት እንጃ ትያለሽ? ወተት የምንንጥበት ቅል ላይ አለች እኮ። መተንፈሻ ናት። ስትንጪ በየመሐሉ ካልከፈትሻት ቅሉ ይታፈናል፤ ቅቤ አልሰጥም ይላል።» ቀና ብላ አየችኝ። «በርሲስቱ፣ አፍንጫውን አስረሽ ነው እንዴ እንዲህ አገር የምታዞሪው?»

ሞተሩ ይተንፍስ ዘንድ ክዳኑ ቀዳዳ አለው፤ እኔ ደግሞ ቀዳዳውን በፕላስቲክ አፍኜ፣ በጎማ አስሬ፣ ከላዩ አበባ ጠልፌበታለሁ። ጋሽ ናስር ለማሽተት ሲከፍተው ተነፈሰ። ጓድ ደምሴ ለመገልበጥ ሲከፍተው ተነፈሰ። ኦቦ ገመዳ ለመመረቅ ሲያስከፍቱት ተነፈሰ። ሁሉም አዳነው፤ እኔ እየተከተልኩ አነቅሁት። ሱፐሩም ሬጉላሩም ከደሙ ንጹሕ ናቸው።

ረገጥኩት፤ ተነሣ። ዳንቴሉን ለጫልቱ ሰጠኋት። ስላማራት ይሁን ዳግመኛ እንዳላየው፣ ሁለቱም ነው። ያን መንገድ አንድ ጊዜም ሳልቆም ተመለስኩ። ዋርካው ሥር ኦቦ ገመዳ ቆመው ነበር፤ ግማሽ ግማሹ መስማማቱን አይተው ከዘራቸውን አነሡልኝ። እኔም እጄን አነሣሁ።

እዚህ ላይ ነው ኃጢአቴ። ሰኞ ጓድ ታረቀኝ፣ «ወረቀቱ በሰዓቱ ደርሷል፤ ሞተሩም ደህና ነው። ምን አድርገሽ ነው?» አለኝ። ጓድ ደምሴ አጠገቡ ነው። ሴት ሞተር ቢሰጧት ዳንቴል አለበሰችው የሚለው ወሬ ጡረታ እስክወጣ፣ ምናልባትም ቀብሬ ላይ ድረስ እንደሚከተለኝ ታየኝ። ቁልፉንም እንደሚያሳጣኝ።

«ግማሽ ሱፐር፣ ግማሽ ሬጉላር ሞልቼ ነው የሄድኩት፤» አልኩ። ውሸት አይደለም። ሞልቼ ነበር።

ጓድ ታረቀኝ በደስታ ብድግ አለ። ረቡዕ ተሰበሰብን። ግማሽ ግማሽ የተባለው ሐሳብ የሁለቱንም ወገን አስተያየት ያካተተ ሆኖ ስለተገኘ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። መመሪያ ተጽፎ ለግምቢ፣ ለአርጆና ለሻምቡ ተላከ። በዚያ ያሉ ባለ ሞተሮችም ሁለት ዓይነት ቤንዚን ፍለጋ ማደያ ለማደያ ሲንከራተቱ ከረሙ። ሞተራቸው ደህና ይሄዳል፤ ዳንቴል ያለበሰው የለማ። ይህንን ሁሉ እየሰማሁ ዝም አልኩ።

ሁለት ወር ያህል እንደሆነ ጓድ ታረቀኝ በድጋሚ አስጠራኝ። ለቢሮው የመጣ ደብዳቤ ሁሉ ተከፍቶ ነው ለባለቤቱ የሚሰጠው። በእጁ የደብተር ወረቀት ይዟል፤ ጽሑፉ ትልልቅ ነው፣ መስመሩ ዳገት ይወጣል። ፊደሉ የእኛው ፊደል፣ ቋንቋው ኦሮምኛ። ጓድ ታረቀኝ ማንበቡን ያነብበዋል፤ ትርጉሙ ግን አይገባውም።

«ለአንቺ የመጣ ነው። ተርጉሚልኝ፤» አለ።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «በርሲስቱ፣ እንደምን ሰነበትሽ። እኔ ደህና ነኝ። ልጆቹ ደህና ናቸው። ላሟ ወልዳለች። የሰጠሽኝ ዳንቴል መሶቤ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ያየዋል። ሞተርሽ አሁን ይተነፍሳል? ሌላ ዳንቴል እንዳትሠሪለት። አፍንጫውን ተይለት። ጫልቱ ነኝ። ማንም አልጻፈልኝም፤ ራሴ ጻፍኩት።»

ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። ግማሹ በፍርሃት ነው፤ ግማሹን ትቼዋለሁ።

«ሰላምታ ነው፤» አልኩ።

ጓድ ታረቀኝ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። «እዚህ ላይ ‹ሞተር› ትላለች።»

«የሞተሩንም ደህንነት ትጠይቃለች።»

«እዚህስ? ‹ዳንቴል› አይደለም የሚለው? ሁለት ጊዜ!»

«አንድ የዳንቴል ሥራ ሰጥቻት ነበር። ታመሰግናለች።»

ወረቀቱን ገልብጦ አየው፣ መልሶ ገለበጠው። «ይህ ሁሉ ሰላምታ ነው?»

«ጓድ ታረቀኝ፣» አልኩት፣ «የኦሮምኛ ሰላምታ ረጅም ነው።»

ይህንንስ በገበያ መሐል ሲያልፍ ራሱም አይቶታል። ራሱን ነቅንቆ ወረቀቱን ሰጠኝና መዝገብ ቤት አስመዝግቢው አለኝ። ወረድኩ። ሙጫውም አይጡም እንደነበሩ ናቸው። ብዕሩን ከመዝጋቢዋ ተቀብዬ በገዛ እጄ አስገባሁት፦ ቀን፣ ላኪ፤ ‹ጉዳዩ› በሚለው ዓምድ ‹ሰላምታ›። ከዚያ ቁልፌን ይዤ ወጣሁ።

ያን ሞተር ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ነዳሁት፤ ሱፐር ሲኖር ሱፐር፣ ሬጉላር ሲኖር ሬጉላር እየቀዳሁ። የመጽሐፉ ቁጥር ስምንት ይሁን ዘጠኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።